በጮቄ ለአርበኞች መታሰቢያ፦ በእረኛ መንገድ ወይስ በአቋራጭ?

ጂኦካሺንግ እ.ኤ.አ. በ2000 የተጀመረ፣ የተደበቀ ሳጥን በጂፒኤስ ፈልጎ መዝገቡ ላይ ስም የማስፈር ጨዋታ ነው። ለእነ በላይ ዘለቀ መታሰቢያ የሚሆን ሳጥን ጮቄ ተራራ አናት ላይ ቢቀመጥ፣ በየት በኩል ይወጣ?

የእረኛው መንገድ ዙሪያ ጥምጥም ነው፤ ግን ጉም ሲወርድ መመለሻ አይጠፋም። የአርበኛ ልጆች ዛሬ አዛውንት ናቸው፤ እነሱም ቀስ ብለው ይወጡታል። ይህ ለእኔ ትልቁ ነገር ነው።

አቋራጩ በአስታው ቁጥቋጦና በጓሳው ሣር መካከል ቀጥ ብሎ ያስወጣል። አርበኞቹ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ዱር ገደሉን ተጠግተው ስለተዋጉ፣ አቋራጩን የሚመርጡ ሰዎች ስሜት ይገባኛል። ሆኖም ጂፒኤስ ብዙ ጊዜ አቅጣጫንና ርቀትን እንጂ ገደልን አያሳይም፤ ከ4,000 ሜትር በላይ ትንፋሽም ያጥራል። እኔ በእረኛው መንገድ ሄጄ፣ ከመንገዱ የምወጣው ሳጥኑ ጋ ልደርስ ጥቂት እርምጃ ሲቀረኝ ብቻ ነው።