ከሽሮ ሜዳ ያሠራሁት ጎፈር

የአርበኛ ልጅ የሆኑት አባቴ በየካቲት 23 የዓድዋ በዓል ላይ እንዲደፉት፣ ሽሮ ሜዳ ከሚገኙት የባህል አልባሳት መደብሮች በአንዱ ጎፈር (በአንበሳ ጋማ አምሳል የሚሠራ፣ ራስ ላይ የሚደፋ ጌጥ) አሠርቻለሁ። የእጅ ሥራው እጅግ የሚመሰገን ነው፤ ግንባሩ ላይ በተደረገው ጌጥ ግን አልተስማማሁም።

ጠጉሩ የበግ ነው፤ አንበሳ በሕግ የሚጠበቅ እንስሳ በመሆኑም ይህ ተገቢ ነው። ባለሙያው ረጅም ጠጉር ያለው የመንዝ በግ ቆዳ መርጦ ሥሩን ጠቆር፣ ጫፉን ዳማ አድርጎ ስላቀለመው ከርቀት ሲታይ የአንበሳ ይመስላል። ጠጉሩን በጣቶቼ ጠበቅ አድርጌ ብስበው አልተነቀለም። ቆዳው በሚገባ የለፋ ስለሆነ አይሸትም፤ ቀይ ከፋይ ጨርቅ የለበሰው ማሰሪያም ከውስጥ የጥጥ ገበር ስላለው ፀሐይ ላይ ለረጅም ሰዓት የሚቆምን ሰው ግንባር አይከረክርም።

ቅሬታዬ መደብሩ ሳልጠይቀው ግንባሩ ላይ የሰፋውን ወርቅማ ቆርቆሮ ይመለከታል። በቀድሞው ሥርዓት ጎፈር የሥራ ምስክር ነበር፤ አንበሳ ወይም ጠላት ገድሎ ግዳይ የጣለ ሰው ይደፋው ነበርና፣ ያየው ሁሉ ፉከራውን ሳይሰማ ጀግንነቱን ያውቅለት ነበር። ይህ ቆርቆሮ የሚመስለው ራስ ወርቅ (በግንባር ላይ የሚታሰር የወርቅ ጌጥ) ግን ንጉሠ ነገሥቱ ለከፍተኛ መኳንንት ብቻ የሚፈቅዱት የማዕረግ ምልክት በመሆኑ፣ ተራ ወታደር የቱንም ያህል ቢጀግን በራሱ ፈቃድ ሊያደርገው አይችልም ነበር። በ1923 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል የተነሡትን ፎቶግራፎች ያየ ሰው፣ መኳንንቱ በራሳቸው ላይ ያደረጉት ነገር ምን ያህል ክብደት እንደነበረው ይረዳል። በየጎፈሩ ላይ ቆርቆሮ መስፋት እንግዲህ የመኳንንቱን ማዕረግ ከማርከሱም በላይ፣ በባዶ እግሩ ዓድዋ ድረስ የዘመተውን እግረኛ በሥራው ያገኘውን ምልክት ይነፍገዋል።

ይህንን ለባለ መደብሩ ስነግራቸው በትሕትና አዳምጠው ቆርቆሮውን ፈቱልኝ፤ የመርፌው ቀዳዳ በከፋዩ ላይ ስለቀረም ማሰሪያውን ያለ ተጨማሪ ክፍያ ቀየሩልኝ። ዋጋው አብሮ ከሚሸጠው ካባ ይበልጣል፤ ሆኖም የድካሙ ያህል ነው ብዬ አምናለሁ። ማሠራት የምትፈልጉ ገበያው ከመጨናነቁ በፊት በጥር ወር ብታዝዙ፣ ግንባሩ ከጌጥ ነፃ እንዲሆንም ከመጀመሪያው ብትናገሩ መልካም ነው።