የማርቆሱን ልጅ አመስግኑልኝ፤ ሥራ ያላችሁም ለእሱ ስጡ

እንደምን ከረማችሁ ወገኖቼ። ይህን የምጽፈው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ነው፤ ደስታው አላስተኛ ብሎኝ ተነሣሁ። አሥራ አራት ወር ሙሉ ደረቴ ላይ ተቀምጦ የነበረ ድንጋይ ዛሬ ወረደልኝ። ያወረደልኝ ደብረ ማርቆስ ውስጥ፣ ከታላቅ ወንድሙ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል የሚሠራ ወጣት ፕሮግራመር ነው። ስሙን በአደባባይ እንዳልጽፍ ለምኖኛል፤ ቃሌን አከብራለሁ። የምትፈልጉት በውስጥ መስመር ጠይቁኝ፣ አገናኛችኋለሁ።

እኔ የጂኦግራፊ መምህርት ነኝ፤ ሁለተኛ ዲግሪዬንም በዚሁ እየሠራሁ ነው። የተወለድሁት ሞጣ በኩል ነው። በዚያ አገር ያደገ ሰው ወንዝ ምን እንደሆነ ማንም እንዲነግረው አይፈልግም። ዓባይ ላይ ስላለው ሰባራ ድልድይ አያቴ ሲያወራልን፣ መሐሉ ስለተሰበረ ሰው ወገቡን በገመድ ታስሮ ከወዲያ ማዶ በሰው ጉልበት እየተጎተተ ይሻገር ነበር ይለን ነበር። ዓባይ ይቅር፤ ከጮቄ ተራራ የሚወርዱት እነሙጋ፣ እነሱሃ፣ እነጨሞጋ፣ እነተምጫ በበጋ ልጆች እየተጫወቱ የሚሻገሯቸው ናቸው። ሐምሌና ነሐሴ ሲገባ ግን ሌላ ፍጥረት ይሆናሉ። ስም የሌላቸው ትንንሾቹ ጅረቶችም እንደዚያው።

አክስቴ በአንድ ነሐሴ ምጥ ያዛት። ስምንት ወንዶች በቃሬዛ ተሸክመዋት ወደ ጤና ጣቢያ ወጡ። ወንዙ ዳር ሲደርሱ ሞልቶ ጠበቃቸው። ይጎድል ይሆናል ብለው ዝናብ እየወረደባቸው እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ቆሙ፤ አልጎደለም፣ ተመለሱ። አክስቴ ዛሬም አለች፣ ተመስገን። ልጁ ግን አልተረፈም። ለመመረቂያ ጥናቴ ርዕስ ምረጪ ስባል ሌላ ነገር አላሰብሁም።

ሥራው እንዲህ ነው። በአራት ወረዳዎች ያለውን የእግርና የመኪና መንገድ ካርታ ላይ አስገባሁ፤ በየ20 ሜትሩ ሲከፈል ወደ 400 ሺህ ነጥብ ሆነ። ሰው ወንዝ የሚሻገርባቸው 61 ቦታዎች አሉ። አንዱ ቢሞላ ከጤና ጣቢያ የሚቆረጠው የትኛው መንደር ነው? ሁለቱ አብረው ቢሞሉስ? ሦስቱስ? ዝናብ ሲጥል አንዱን ወንዝ ሞልቶ ሌላውን አይተውምና ሁሉንም ማየት ነበረብኝ። ሲሰላ 37,881 ዙር መጣ። በየዙሩ ኮምፒውተሩ ከጤና ጣቢያዎቹ ይነሣና መንገድ መንገዱን እየተከተለ የደረሰበትን ነጥብ ሁሉ ምልክት ያደርጋል፤ ምልክቱ ያልደረሰው መንደር ተቆርጧል ማለት ነው። አንዱ ዙር 2 ሰከንድ ያህል ይፈጃል፤ ሁሉም አንድ በአንድ ሲሄድ 21 ሰዓት። በእኛ ሰፈር መብራት ሳይቆራረጥ ይህን ያህል አይቆይም፤ የላፕቶፔም ባትሪ ደክሟል። አራት ጊዜ ጀመርሁት፣ አራት ጊዜ መሐል ላይ ቀረ።

ከዚህ በኋላ የገጠመኝን ስጽፍ አሁንም እጄ ይንቀጠቀጣል። የማንንም ስም አልጠራም፤ የሆነውን ግን እናገራለሁ።

መጀመሪያ በሰው ጥቆማ አንድ ቦታ ሄድሁ። 8,000 ብር ቀብድ ተቀበሉ። «ብዙ ትሬድ እንከፍትበታለን፣ ሥራው ተከፋፍሎ ይፈጥናል» አሉኝ፤ ትሬድ የሚሉት ኮምፒውተሩ ውስጥ ጎን ለጎን የሚሄድ የሥራ መስመር ነው። ተረክቤ ቤቴ ስከፍተው ላፕቶፑ ቀጥ አለ፣ ማውሱ እንኳ አልንቀሳቀስ አለ። ስደውል «ኮምፒውተርሽ አሮጌ ነው፣ አዲስ ግዢ» አሉኝ። ደግሜ ስደውል አላነሡም። ያ ብር ከልጄ የትምህርት ቤት ክፍያ ላይ የተነሣ ነበር፤ የከፈልሁትም ሁለት ወር ዘግይቼ፣ ርእሰ መምህሩን ለምኜ ነው።

ሁለተኛው ቦታ ከዚያ የባሰ ነበር፤ የሚሠራ መስሎ አታለለኝ። ሰኞ ሳስኬደው 43 መንደር ይቆረጣል አለኝ። ማክሰኞ ያንኑ ፋይል ምንም ሳልነካ ደግሜ ሳስኬደው 39 አለ። ረቡዕ ሌላ ቁጥር። ጠየቅሁት። «እንዲህ ያለ ሥራ ላይ የተለመደ ነው፣ አማካዩን ውሰጂ» አለኝ። እንዴት ያለ ነገር ነው? መንደር አማካይ አለው ወይ? ሰኞ ኖሮ ማክሰኞ የጠፋው አራት መንደር እኮ ሰው የሚወልድበት፣ ሰው የሚታመምበት ነው። ያን ቀን ከመናኸሪያ እስከ ቤቴ እያለቀስሁ ሄድሁ። ጥናቱን ላቋርጥ ለአማካሪዬ ደብዳቤ ሁሉ ጽፌ ነበር።

ልጁን ያገኘሁት በአጋጣሚ ነው። ያንን ደብዳቤ ላሳትም ወንድሙ ሱቅ ገባሁ። ወንድሙ ወረቀቱን ሲያይ ቀና አለና «ቲቸር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ማንበቤ ልክ አልነበረም፤ ግን ከማስገባትዎ በፊት ታናሼን ቢያነጋግሩት» አለኝ። ያን ወንድሙንም እግዚአብሔር ይባርክልኝ።

ልጁ ስለ ገንዘብ አንድም ቃል ሳይናገር ሁለት ቀን የቀደሙትን ኮዶች አነበበ። በሦስተኛው ቀን ጠራኝና ቡና አስቀርቦ ምን እንደተፈጠረ አስረዳኝ። አሥራ አራት ወር ማንም ያላስረዳኝን በአንድ ስኒ ቡና ገባኝ። በወፍጮ ቤት መስሎ ነው የነገረኝ።

«ቲቸር፣ የእርስዎ ላፕቶፕ አራት ኮር ነው ያለው፤ አራት ወፍጮ ያለው ወፍጮ ቤት በሉት። የመጀመሪያዎቹ ለእያንዳንዱ ጆንያ አዲስ ወፍጮ ሊተክሉ ሞከሩ። 37 ሺህ ወፍጮ የት ይቆማል? ቤቱ ራሱ ፈረሰ። ትሬድ ፑል ማለት አራቱን ወፍጮ አንዴ ተክሎ፣ ጆንያውን ሁሉ በአንድ ወረፋ ማሰለፍ ነው። አንዱ ወፍጮ ሲለቀቅ ከወረፋው ፊት ያለውን ይወስዳል፤ ወፍጮው አይነቀል፣ እንደ አዲስ አይተከል።»

«ሁለተኛውስ?» አልሁት።

«እሱ አራት ወፍጮ በትክክል ተክሏል። ግን የአራቱንም ዱቄት የሚቀበለው በአንድ ጆንያ ነው። አንዱ ዙር ያደረገውን ምልክት ሌላው ዙር የራሱ ይመስለዋል። ማን ቀድሞ እንደደረሰ በየቀኑ ስለሚለያይ ቁጥሩም ይለያያል። ካርታው የጋራ ይሁን፣ ማንም አይለውጠውምና ጉዳት የለውም። ምልክቱ ግን ለየወፍጮው የየራሱ ጆንያ ይኑረው።»

ከዚህ በላይ ያለውን ዝርዝር አላውቀውም፤ ሎክ ምናምን የሚል ነገር ነበረበት። መጀመሪያ አንዱን ዙር ራሱን ለአራቱ ከፍሎ ሞክሮት እርስ በርስ ሲጠባበቁ ጊዜው እዚያው አለቀ፤ ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሙሉ ዙር መስጠት ይሻላል ብሎ ተወው። ያልሠራለትንም ሳይደብቅ ነገረኝ፤ ይህን የሚያደርግ ባለሙያ ስንት አለ? ደግሞ እየሳቀ፣ ግራፍ የሚባለው፣ ነጥቦችንና የሚያገናኟቸውን መስመሮች የሚያጠናው ትምህርት የተነሣው ከድልድይ ነው፣ ኦይለር የሚባል ሊቅ በ1736 እ.ኤ.አ. የኮኒግስበርግ ከተማን 7 ድልድዮች እያንዳንዱን አንድ ጊዜ ብቻ ረግጦ መዞር እንደማይቻል ሲያሳይ ነው አለኝ። «የእርስዎም ጥናት የድልድይ ነው ቲቸር፣ ከጥንቱ ነገር ጋር ተገጣጠመ» አለኝ። ያን ጊዜ ያቺን ደብዳቤ ከቦርሳዬ አውጥቼ ቀደድኋት።

አሁን ወደማልረሳው ነገር ልምጣ። ሥራውን ሲጨርስ መጀመሪያ በድሮው መንገድ፣ አንድ በአንድ፣ 61ዱን ነጠላ መሻገሪያዎች አስኬደ። ቀጥሎ በአዲሱ አስኬደና ሁለቱን ዝርዝር ጎን ለጎን አድርጎ መስመር በመስመር አስተያየኝ። አንድም ልዩነት የለም። አሥር ጊዜ ደገመው፤ አሥሩም አንድ ዓይነት። እኔ በደስታ ልነሣ ስል «ቆይ ቲቸር፣ ኮምፒውተር ከኮምፒውተር ጋር ቢስማማ አይበቃም። እርስዎ በዓይንዎ የሚያውቁት መሻገሪያ አለ?» አለኝ።

አክስቴ የተመለሰችበትን ወንዝ ነገርሁት። ለምን እንደመረጥሁት አልነገርሁትም። ቁጥሩን ፈልጎ አገኘ፣ ያንን መሻገሪያ ብቻ ዘጋ፣ አንድ ቁልፍ ነካ። ስክሪኑ ላይ የተቆረጡት መንደሮች በቀይ ወጡ። ሦስተኛው ላይ የተወለድሁበት መንደር ስም አለ።

ድምፅ አጣሁ። ልጁ ፊቴን አየ። ምንም አልጠየቀኝም። ተነሥቶ በሩን ገርበብ አደረገና ውኃ አምጥቶልኝ ውጭ ወጣ፤ ራሴን እስክሰበስብ ከወንድሙ ጋር ሱቁ ውስጥ ቆየ። ሲመለስ «ልክ ነው አይደል?» ብቻ አለኝ። «ልክ ነው» አልሁት። አክስቴን ከዚያ በኋላ ነው የነገርሁት።

ሙሉው 37,881 ዙር አሁን 6 ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ያልቃል፤ በዚያው አሮጌ ነው በተባለው ላፕቶፕ። ሳልጠይቀው ደግሞ በየ500 ዙሩ ውጤቱን እንዲያስቀምጥ አድርጎታል። ትናንት መሐል ላይ መብራት ጠፋ፤ ሲመጣ ካቆመበት ቀጠለ። መብራት ጠፍቶ ሳልደነግጥ ስቀመጥ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ውጤቱን ዛሬ ማታ ለአማካሪዬ ላክሁ።

ክፍያው ከመጀመሪያዎቹ ቀብድ ያነሰ ነበር። ጨምሬ ልስጥ ብል እጁን ወደ ኋላ አደረገ። «ስትመረቂ ካርታውን አንድ አሳትመሽ ስጪኝ» አለኝ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔው ለምኜው ነው አንቺ የሚለኝ፣ ወንድሜ ሆኗልና።

ወገኖቼ፣ በተለይ በዩኒቨርሲቲ ጥናት ላይ ያላችሁ፣ ከባድ ስሌት ይዛችሁ እንደ እኔ የምትንከራተቱ፣ እባካችሁ አዲስ አበባ ድረስ 300 ኪሎ ሜትር ከመሄዳችሁ በፊት እዚሁ ማርቆስ ያለውን ልጅ ጠይቁ። ሥራችሁን ሳያነብ ዋጋ አይጠራም። የማይችለውን አልችልም ይላል። ደግሜ እላለሁ፣ ለዚህ ልጅ ሥራ ስጡት፤ አያሳፍራችሁም። እናቱን ዕድሜ ይስጣት፣ እንዲህ ያለ ልጅ አሳድጋለች።

የሥራ ቀን ከ11 ሰዓት በኋላ፣ ቅዳሜ ደግሞ ሙሉ ቀን ይገኛል። ስትሄዱ ፋይላችሁን በፍላሽ ያዙ። ሱቁ ተዘግቶ ካገኛችሁት በጓሮው በር አንኳኩ፤ ይከፍትላችኋል።