የጆርዳን ካርድ በጨረታ ረክሶ ካገኛችሁት ቀስ በሉ

አሜሪካ ያላችሁ ወላጆች፣ ልጆቻችሁ የቅርጫት ኳስ ካርድ መሰብሰብ ከጀመሩ ይህችን አንብቡልኝ። የእህቴ ልጅ ሰሞኑን በኢንተርኔት ጨረታ አሸነፍኩ ብሎ ሲፈነጥዝ ነበር። የማይክል ጆርዳን ካርድ፣ ፍሊር የሚባለው ካርድ አሳታሚ በ1986 ያወጣው፣ ቁጥር 57። የክረምት ሥራ ሠርቶ ያጠራቀማት ገንዘብ ሙልጭ ብላ ሄደች። ካርዱ ፎርጅድ ነው።

ለማያውቅ ሰው፣ ሰብሳቢዎች የጆርዳን «ሩኪ ካርድ» (የጀማሪነት ዘመን ካርድ) የሚሉት ይህንን ነው። ካርድ መርምሮ ነጥብ ከሚሰጠውና በፕላስቲክ ከሚያሽገው ድርጅት፣ ከፒኤስኤ፣ 10 ከ10 ያገኘ አንድ ካርድ በጃንዋሪ 2021 በ738,000 ዶላር ተሽጧል። አጭበርባሪው የሚረባረብበት በከንቱ አይደለም።

የእህቴን ልጅ ካርድ በማጉያ መነጽር አየነው። ፎቶው ላይ ነጠብጣብ ቢታይ ምንም አይደለም፣ የማተሚያው ሥራ ነው። ስሙን ግን ተመልከቱ። ኦሪጅናሉ ላይ ፊደሎቹ ድፍን ናቸው፣ ጠርዛቸውም ጥርት ያለ ነው። የእኛው ላይ ፊደሉ ራሱ በነጠብጣብ የተሠራ ነው። ከታተመ ካርድ ላይ ስካን አድርገው እንደገና ሲያትሙት እንዲህ ይሆናል።

«በፕላስቲክ ታሽጎ የፒኤስኤ ቁጥር አለው እኮ!» የሚል አይጠፋም። ማሸጊያውንም ይሠሩታል። ቁጥሩን የሚገለብጡት ሌላ ቦታ ከተለጠፈ እውነተኛ ካርድ ፎቶ ላይ ነው። ስለዚህ ፒኤስኤ ድረ ገጽ ላይ ቁጥሩ ስለወጣ ብቻ አትመኑ። እዚያ ፎቶ ካለ ከሻጩ ፎቶ ጋር አስተያዩት። የነጩ ጠርዝ የግራና የቀኝ ስፋት በሁለቱም ፎቶ ላይ አንድ ነው? ማዕዘኖቹ ላይ ያለው መላላጥስ?

የሻጩንም አነጋገር አጢኑ። «የአያቴ ቁም ሳጥን ውስጥ አገኘሁት፣ ስለ ካርድ አላውቅም» ካለ እለፉት። ፎቶው ብዥ ካለም እለፉት፤ በዚህ ዘመን ስልክ ብዥ ያለ ፎቶ የሚያነሳው ሲፈለግ ነው። መግለጫውን እስከ ታች አንብቡ። «ሪፕሪንት» (እንደገና የታተመ) የምትል ቃል መጨረሻ ላይ ተሸጉጣ ከተገኘች፣ በኋላ ስትከራከሩ ሻጩ እሷኑ ያወጣባችኋል።

ክፍያ ላይ ደግሞ ቀልድ የለም። «በዜል (ከባንክ ወደ ባንክ በቀጥታ ገንዘብ መላኪያው) ላክልኝና ልቀንስልህ» ከተባላችሁ ውይይቱ እዚያው ያብቃ፣ በዚያ መንገድ የሄደ ገንዘብ አይመለስም። ኢቤይ ላይ በገጹ በኩል ከከፈላችሁ ግን፣ ሻጩ «መመለስ አይቻልም» ብሎ ቢጽፍም፣ ዕቃው በደረሰ በ30 ቀን ውስጥ «እንደተገለጸው አይደለም» ብላችሁ ማመልከት ትችላላችሁ። ሻጩ «ጉዞ ላይ ነኝ፣ ስመለስ እናወራለን» እያለ ቀኑን እንዳያስበላችሁ። ማሸጊያውን፣ ካርዱንና የመጣበትን ፖስታ ፎቶ አንሱ፣ ንግግሩንም ሁሉ በገጹ መልእክት ብቻ አድርጉት።

ገንዘቡ ባይመለስ እንኳ ካርዱን ለሌላ ሰው ልሽጠው እንዳትሉ። ፎርጅድ መሆኑን እያወቃችሁ ከሸጣችሁ ተጠያቂዎቹ እናንተው ናችሁ።