የመሀሉ ቀዳዳ፦ 9 ወር ከአዲስ ቸርኬ ጋር

ቸርኬ ልትገዙ ስትሄዱ ሻጩ የሚቆጥርላችሁ የብሎን ቀዳዳ ነው። «6 ነው አይደል? በቃ ይገባል!» ይላችኋል። እኔም ይህንኑ ሰምቼ 4 ቸርኬዎች ባለፈው ግንቦት በባጃጅ ጭኜ ቤቴ አስገባሁ፤ በማግስቱ መልሼ ጫንኳቸው።

መኪናዬ ኤልኤን 106 ሃይሉክስ ነው፤ ደብል ጋቢና፣ 2.8 ናፍታ። የፊቱም አክስል እንደ ኋላው ድፍን ሆኖ ባሌስትራ ላይ የተቀመጠ ነው። የፊት ጎማዎቹ መሀል ላይ በእጅ የሚዞር ሎክ አለው። «ፍሪ» ላይ ሲሆን ጎማው ብቻውን ይሽከረከራል፤ ሰሚያሱ (ጉልበቱን ከዲፈረንሻሉ ወደ ጎማው የሚያደርሰው ዘንግ) እና የፊት ዲፈረንሻሉ ያርፋሉ። «ሎክ» ላይ ሲሆን ሰሚያሱ ከሞዞው፣ ማለትም ቸርኬው ከሚታሰርበት የመሀል ክፍል ጋር ይያያዛል። ችግሩ፣ ይህ ሎክ ከሞዞው ወደ ውጭ ወጣ ብሎ ነው የተቀመጠው፤ ቸርኬው ደግሞ በእሱ ላይ አልፎ መግባት አለበት። የፋብሪካው ብረት ቸርኬ መሀሉ 106 ሚሊሜትር ይሰፋል። እኔ ያመጣሁት የፓጄሮ ነበር፤ 6 ብሎን፣ የብሎኖቹ ክብ 139.7 ሚሊሜትር፣ ሁሉም ከእኔ ጋር አንድ፤ መሀሉ ግን 67። ጎሚስታው አንስቶ ሊያስገባው ቢል ሎኩ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ፤ የልጅ ኮፍያ አባቱ ራስ ላይ እንደተደፋ።

ሻጩ ሳያኮርፍ ቀየረልኝ። ሁለተኛዎቹ ያገለገሉ የቅይጥ (አሎይ) ቸርኬዎች፣ 16 ቁጥር፣ 7 ኢንች ስፋት ያላቸው፣ መሀላቸው 110 የሆኑ ናቸው፤ 4ቱን 62 ሺህ ብር ገዛኋቸው። በ205 ጎማ ፋንታ 245/70 አለበስኳቸው። የጎማው ቁመት በ1.5 ሳንቲሜትር ያህል ስለጨመረ ኪሎ ሜትር ቆጣሪው በ100 ሁለት ያህል ያጎድላል፤ ይህ የሚያስጨንቅ አይደለም። ናፍታውም ላይ የሚታይ ለውጥ የለም።

110 ሲባል ሰፋ ማለቱ ጥሩ ይመስላል፤ ሎኩ ያለ ትግል ያልፋል። ነገር ግን ዙሪያውን 2 ሚሊሜትር ክፍተት ይቀራል፤ ስለዚህ ቸርኬውን መሀል ላይ የሚያስቀምጠው ሞዞው ሳይሆን ብሎኖቹ ላይ የሚጠብቁት የዳዶዎቹ ሾጣጣ አፍ ነው። መጀመሪያ የተገጠመልኝ መኪናው ከክሪክ ወርዶ፣ ዳዶው በተርታ እየተጠበቀ ነበር። 80 ላይ ስደርስ መሪው እጄ ላይ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ባላንስ ሁለት ጊዜ አሠራሁ፣ ብር ከፈልኩ፣ ለውጥ የለም። በኋላ ራሴ ጎማውን ከመሬት አንስቼ፣ ዳዶዎቹን በተቃራኒ በተቃራኒ ጥቂት በጥቂት አጠበቅኩና አወረድኩት፤ መንቀጥቀጡ ጠፋ። በነፃ።

ዳዶ ካነሳን አይቀር፣ ከሁሉም በላይ ልታዩት የሚገባው እሱ ነው። ቅይጡ ቸርኬ ከብረቱ ይልቅ ወፍራም ስለሆነ ብሎኑ በሌላ በኩል የሚወጣው ትንሽ ነው። ዳዶው ቢያንስ የብሎኑን ውፍረት ያህል መንከስ አለበት። የእኔ ብሎን ውፍረቱ 12 ሚሊሜትር፣ ከጥርስ እስከ ጥርስ 1.5 ሚሊሜትር ነው፤ ስለዚህ ቢያንስ 8 ዙር። በጣቴ እያዞርኩ ብቆጥር አምስት ተኩል! በዚያ ላይ ከ100 ኪሎ ሜትር በኋላ ደግሜ ማጥበቅ ሲገባኝ «ደህና ነው» ብዬ ትቼው ነበር። ሐሙሲትን አልፌ ወደ ወረታ ስቃረብ ከግራ ፊት «ቀጭ ቀጭ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ወርጄ ባየው ሁለት ዳዶ በእጅ ይዞራል። ጥፋቱ የማንም አይደለም፣ የእኔ ነው። ከአዲስ አበባ፣ ከሶማሌ ተራ፣ አንገቱ ረዘም ብሎ ወደ ቸርኬው ቀዳዳ የሚገባ ዳዶ አስመጣሁ። አሁን ከ8 ዙር በላይ ይነክሳል። 110 ኒውተን ሜትር አካባቢ በቶርክ ሬንች አጠብቃለሁ፤ ከዚያ ወዲህ አንድም አልላላም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ወደ ጭቃው።

ሥራዬ ከፎገራ ገበሬዎች ሩዝ እየገዛሁ ወረታ ላሉት መፈልፈያዎች ማስረከብ ነው። ፎገራን በክረምት ያየ ሰው ዋልካ ምን እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልገውም፤ ላላየው ግን እግር ሲያነሱ ጫማውን አስቀርቶ የሚሄድ አፈር ነው። ቸርኬዎቹ ሲገዙ 4 ድፍን የላስቲክ ክዳን ነበራቸው። የኋላዎቹ ገቡ፤ የፊቶቹ ሎኩ ስለሚገፋቸው አልገቡም። ቢገቡም ደግሞ ሎኩን የሚያዞር እጅ አያስገቡም። ስለዚህ ፊቱን ያለ ክዳን ተውኩት። ቸርኬው ጥልቅ ስለሆነ ሎኩ ዙሪያ ኩባያ የመሰለ ጉድጓድ ተፈጠረ፣ ጭቃው ያንን ሞላው፣ ፀሐይ ሲመታው ደግሞ እንደ ሸክላ ደረቀ።

ነሐሴ አጋማሽ ላይ ከአንድ ገበሬ ቤት 8 ኩንታል ጭኜ ስወጣ መንገዱ ዳር ጭቃው ውስጥ ገባሁ። ወርጄ ሁለቱንም ሎክ አዞርኩ፣ ፎር ዊል አስገባሁ፣ ነዳሁ። የኋላው ይሽከረከራል፣ የፊቱ ቆሟል። ደግሜ ነዳሁ። ገበሬው ትከሻው ላይ ጋቢውን እያስተካከለ ሲያየኝ ቆይቶ፣

«ወንድም ዓለም፣ የፊቶቹ እኮ በሬ ሆነው አልተጠመዱም» አለኝ።

«ጠምጃቸዋለሁ አባቴ፣ አሁን ነው ያዞርኩት።»

«ያኛውንስ አይተኸዋል?»

ሄጄ ባየው የቀኙ ሎክ በጭቃው ታንቆ ግማሽ መንገድ ላይ ቆሟል። አንዱ ወገን ካልተያያዘ ዲፈረንሻሉ ጉልበቱን በልቅ ወዳለው ሰሚያስ ስለሚለቀው፣ የግራው ብቻውን መያያዙ ምንም አይጠቅምም። በካቻቢቴ ጭቃውን ፈለፈልኩ፣ በጀሪካን ውሃ አጠብኩ፣ አዞርኩት። ያን ጊዜ መኪናው ያለ ጩኸት ወጣ። አሮጌው ብረት ቸርኬ ላይ ሎኩ ራቁቱን ወደ ውጭ ይወጣ ስለነበር ይህ ነገር አጋጥሞኝ አያውቅም።

መፍትሔው ርካሽ ነበር። ሁለቱን የፊት ክዳኖች ቶርኖ ቤት ወስጄ መሀላቸውን በሎኩ ልክ አስቆረጥኩ፤ 400 ብር። አሁን ዙሪያው ተሸፍኖ መዞሪያው ብቻ ይወጣል። ጭቃ ጨርሶ አይገባም አልልም፤ ግን በጣት ይጠረጋል። ክረምት ሲገባ ደግሞ ጭቃው ውስጥ ከገባሁ በኋላ ሳይሆን አስፋልቱ እንዳለቀ፣ ገና ንጹሕ ሳለ ነው ሎክ የማደርገው፤ አስፋልት ስይዝ ፍሪ እመልሰዋለሁ። በበጋም ቢሆን በወር አንድ ቀን ሎክ አድርጌ ትንሽ እነዳለሁ፣ የውስጡ ቅባት እንዲንቀሳቀስ።

ቸርኬው በየጎኑ 3.5 ሳንቲሜትር ያህል ወደ ውጭ ወጥቷል። ይህ በዋልካ ላይ አቋሙን አሳመረው፤ አስፋልት ጥምዝ ላይም አይወላገድም። ዕዳው ግን አለ። መሪው ከበደ። ሙሉ ሲጠመዘዝ ጎማው የፓራፋንጎውን ጠርዝ ይነካ ስለነበር ትንሽ አስቆረጥኩ። ጭቃውንም በሩ ላይ፣ መስታወቱ ላይ፣ ባስ ሲልም ሰው ላይ ይረጫል። ባሕር ዳር ደግሞ የብስክሌት ከተማ ናት። አንድ እሑድ ጠዋት ከቅዱስ ጊዮርጊስ የሚመለሱ እናት ነጠላቸው ላይ ረጭቼ፣ ወርጄ ይቅርታ ጠይቄ፣ ቤታቸው ድረስ አድርሻቸዋለሁ። በሳምንቱ የጎማ ላስቲክ ቀድጄ የጭቃ መከላከያ ሰቀልኩ።

በ6ኛው ወር የግራ ፊት ጎማ ላይ ጨዋታ (ልቅነት) አገኘሁ። ጎማው ወደ ውጭ ሲወጣ ክብደቱ ኩሽኔታውን እንደ ረጅም ዘንግ ስለሚጫነው የሚጠበቅ ነበር። የዚህ መኪና ኩሽኔታ ግን የሚስተካከል ነው። ሎኩ ይፈታል፣ 54 ቁጥር ቡሶላ ይገባል፣ ግራሶ ይቀየራል፣ ይጠበቃል። ሜካኒኩ «ጋሼ፣ ድሮ በዓመት የምታሠራውን አሁን በ6 ወር አድርገው» አለኝ። ተቀብያለሁ።

ጨርሶ ያልተፈታልኝ ተቀያሪው ነው። 5ኛው ጎማ ያው አሮጌው ብረት ነው። አንገተ ረጅሞቹ ዳዶዎች ለእሱ አይሆኑም፣ ቀዳዳው ጠባብ ነውና አንገታቸው ይደገፋል፤ ስለዚህ 6 አሮጌ ዳዶ በጨርቅ ጠቅልዬ ከወንበር ሥር ይዤ እዞራለሁ። ቁመቱም ከሌሎቹ ስለሚያንስ እሱን ገጥሜ ፎር ዊል አላስገባም። የዚህ ዓይነት አንድ ቸርኬ፣ 16 በ7፣ መሀሉ 110 የሆነ ያለው ሰው ካለ ሜትሩን ይዤ እመጣለሁ።