ባለ 15 መርፌው የኮምፒውተር ጥልፍ ማሽን፣ ዓመት ከሰራንበት በኋላ

ሰላም ለሁላችሁ፣ ብዙ ሰው በውስጥ መስመር ልግዛው ወይስ ይቅርብኝ እያለ ስለሚጠይቀኝ ያየሁትን እንዳለ ልጽፈው ነው። እኛ ሽሮ ሜዳ የሀበሻ ልብስ እንሰራለን፣ ማሽኑ የቻይና ነው፣ ባለ አንድ ጭንቅላት (በአንድ ጊዜ አንድ ልብስ ብቻ የሚጠልፍ)፣ ቦርዱና ስክሪኑ ዳሃዎ የሚባለው። ዋጋ አልጽፍም፣ በሐምሌ 2016 ምንዛሬው ከተለቀቀ ወዲህ የዛሬ ዋጋ ለነገ አይሆንም።

ለጥምቀት የሰፈር ልጆች 60 ሸሚዝ አንድ ዓይነት ጥልፍ ይሁንልን ብለው መጡ፣ ድሮ በሲንጀር ቢሆን አይደርስም ብለን ነበር የምንመልሳቸው፣ አሁን ግን በጊዜው አስረከብን፣ የመጀመሪያውና የመጨረሻው መስቀል ቁርጥ አንድ ነው። መብራት ጠፍቶ ሲመጣም ካቆመበት ስፌት ይቀጥላል፣ ይሄ ለኛ ትልቅ ነገር ነው፣ ግን ጨርቁን ወጥሮ የሚይዘውን ፍሬም እንዳትነኩት! አንዷ ልጅ መብራት በጠፋበት አውጥታ መልሳ ስታስገባው ጥልፉ የጣት ያህል ተንሸራቶ ነጠላው ተበላሸብን።

ፍጥነቱን ሻጮች በደቂቃ 1200 ስፌት ይሏችኋል፣ ፈትል ላይ በዛ ከሄዳችሁ ክር ስትቀጥሉ ነው የምትውሉት። እኛ ከ650 አናልፍም፣ እንግዲህ አስሉት፣ የቀሚስ ደረት 40,000 ስፌት ቢሆን ብቻውን አንድ ሰዓት ይፈጃል፣ ክር ሲበጠስ የሚባክነው ሳይቆጠር።

አሁን ዋናው ነገር፣ ማሽኑ ጥልፍ አያውቅም። ዲ ኤስ ቲ የሚባለው ፋይል፣ የጃፓኑ ታጂማ ያወጣው ማለት ነው፣ የሚይዘው መርፌዋ ወዴት ትሂድ፣ የት ትቁም የሚለውን ነው፣ ቀለሙን እንኳን አይዝም፣ በየትኛው መርፌ እንደሚሰፋ ስክሪኑ ላይ የምትነግሩት እናንተ ናችሁ። ከቴሌግራም የገዛችሁትን ዲዛይን እዛው ማሽኑ ላይ መጠኑን ብታሳድጉት ደግሞ የስፌቱ ቁጥር ስለማይጨምር ጥልፉ ይሳሳና ከስሩ ጨርቁ ይታያል፣ እኛ ይሄን ያወቅነው በሙሽራ ካባ ነው፣ ሰርጉ ሶስት ቀን ሲቀረው፣ ያን ለሊት አልረሳውም። የሸጠልን ሰውዬ ሙሉ ስልጠና አለው ብሎን ግማሽ ቀን ማብራትና ማጥፋት አሳይቶን ነው የሄደው፣ ከዛ ብንደውል ብንደውል ነገ እያለ ወር ሞላው።

ያወጡን ጋሼ ናቸው፣ ሀያ ዓመት በእግር ማሽን የጠለፉ ሰው፣ ኮምፒውተር ነክተው አያውቁም። የመጀመሪያዎቹ ስራዎቻችን ፈትሉ ላይ ጭምድድ እያሉ ሲያስቸግሩን ጨርቁን ወደ መስኮቱ ይዘውት ሄዱ፣ በአውራ ጣታቸው ዳበስ ዳበስ አደረጉትና "ፈትል ይሸሻል እኮ ልጄ፣ አስቀድመሽ ካልያዝሽው ክሩ ይጎትተዋል" አሉኝ። እሳቸው በእግር ማሽን ሲሰሩ መጀመሪያ ሳሳ ያለ ስፌት በተቃራኒው አቅጣጫ ያስተኙና ዋናውን ከላዩ ይጠልፉበታል። ለካ የዲዛይን ሶፍትዌሩም ይሄንኑ አለው፣ አንደርሌይ ይሉታል፣ እኛ የገዛነው ፋይል ግን አልነበረውም! አሁን ኮምፒውተር የሚሰራልን ልጅ ዊልኮም በሚባለው የዲዛይን ሶፍትዌር ይስላል፣ ጋሼ አጠገቡ ሆነው ክሩ በየት በኩል መተኛት እንዳለበት በጣታቸው ያሳዩታል፣ ከስር ወረቀት መሰሉን ማጠንከሪያ ከላይ ደግሞ ውሃ ላይ የሚሟሟውን ስስ ላስቲክ ስንጨምርበት ጭምድዱ ጠፋ።

እና አደራ የምላችሁ፣ ማሽን ገዛሁ ብላችሁ ጠላፊዎቻችሁን አታሰናብቱ። እኛ ድሮ በቁራጭ ነበር የምንከፍላቸው፣ አሁን ጋሼን ወርሃዊ ደሞዝ አድርገንላቸዋል፣ በሳቸው እጅ የተስተካከለ አንድ ዲዛይን መቶ ቀሚስ ላይ ይሰራበታልና በቁራጭ ማስላቱ ግፍ ነው የሚሆነው።

ሌላው የእለት ተእለት ነው፣ የታችኛው ክር የሚሽከረከርበት ጋ በየቀኑ አንድ ጠብታ ዘይት፣ ከዛ መጀመሪያ ቁራጭ ጨርቅ ላይ አስሰፉት፣ ነጭ ፈትል ላይ ዘይት ከነካ ለማስለቀቅ ፍዳ ነው።

እኔ ግዙት ነው የምለው፣ ግን ለማየት ስትሄዱ የራሳችሁን ፈትል ይዛችሁ ሂዱና እሱ ላይ አስጠልፉት፣ ሻጩ የሚያሳያችሁ ወፍራም ጨርቅ ላይ ነው፣ እዛ ላይ የማያምር ማሽን የለም።