አጭሩ አባባል ወይስ ሙሉው ማብራሪያ?

ሐሳብን ለሌላ ሰው ስናደርስ ሁለት መንገድ ይቀርብልናል፤ ፍሬ ነገሩን በአንድ ዓረፍተ ነገር ማስቀመጥ፣ ወይም "ይህ የሚሆነው እንዲህ ሲሆን ነው" እያሉ ማብራራት።

የአጭሩ ጉልበት ጊዜ ሲጠብ ይታያል። ልቡ የቆመ ሰው አጠገብ ለተንበረከከ ሰው "የደረቱን መሐል በኃይልና በፍጥነት ተጫን" ይበቃዋል። በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ የሚለው ቢጨመርለት መልካም ነው፤ የልብን አሠራር መተንተን ግን ነፍስ ያስጠፋል።

ውሳኔው የሰሚው ሲሆን ግን አጭሩ አደገኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 በብሪታንያ አንዳንድ የወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብሎች ደም የመርጋት አደጋን በእጥፍ እንደሚያሳድጉ ተነገረ። ሐሰት አልነበረም። ነገር ግን ከምን ተነሥቶ ወደ ምን? ከ7,000 ሴቶች ከአንዷ ወደ ሁለት ገደማ። "እጥፍ" የሚለውን ብቻ የሰሙ ብዙዎች ደንግጠው እንክብሉን አቆሙ፤ ያልታሰበ እርግዝናና ውርጃም ጨመረ። ያውም እርግዝና ራሱ ደም የማርጋት አደጋው ከእንክብሉ ይበልጣል! እዚያ የጎደለው አንድ ገጽ ማብራሪያ አልነበረም፤ ሁለት ቁጥር ነበር።

ማብራሪያውም የራሱ ችግር አለበት። "ምናልባት"፣ "እንደ ሁኔታው"፣ "በተወሰነ ደረጃ" ሲደራረቡ ሰሚው ዋናውን ነገር ሳይዝ ይሄዳል። እንዲህ ያለው ጽሑፍ ብዙ ጊዜ ከጥንቃቄ ሳይሆን ከፍርሃት የሚወለድ ይመስለኛል።

እኔ ምረጥ ብባል አጭሩን አስቀድማለሁ፤ ውሳኔ የሚቀይረውን አንድ ነገር ግን ከእሱ አልነጥልም፦ "መድኃኒቱ ሳል ያስታግሳል፤ እንቅልፍ ስለሚያመጣ ግን ውጠኸው መኪና አትንዳ።"