ስካን፣ ሰርጎ የመግባት ሙከራ ወይስ ኦዲት? የኔትወርክ ደኅንነት ፍተሻ ከመግዛት በፊት

የኔትወርክ ደኅንነት ፍተሻ ለማስደረግ ዋጋ የሚጠይቅ ድርጅት ብዙ ጊዜ በአንድ ስም የተጠሩ፣ በይዘታቸው ግን እጅግ የተራራቁ የዋጋ ማቅረቢያዎች ይደርሱታል። ለመምረጥ የሚቻለው እያንዳንዱ ፍተሻ የትኛውን ጥያቄ እንደሚመልስ ሲታወቅ ነው። የተጋላጭነት ስካን የታወቁ ክፍተቶች በየትኞቹ ማሽኖች ላይ እንዳሉ ይናገራል፤ ሰርጎ የመግባት ሙከራ አጥቂ በክፍተቶቹ ተጠቅሞ የት ድረስ ሊዘልቅ እንደሚችል ያሳያል፤ ኦዲት ደግሞ አሠራሩ ከተደነገገ መስፈርት ጋር መስማማቱን ይመዝናል።

ስካን እንደ ኔሰስና ኦፕንቫስ ባሉ የፍተሻ ሶፍትዌር መሣሪያዎች ስለሚካሄድ ፈጣንና ርካሽ ሲሆን፣ የተገኘውን ክፍተት ሁሉ የክፍተትን ክብደት በሚለካውና ከ0 እስከ 10 በሚደርሰው የሲቪኤስኤስ ነጥብ ደረጃ እየሰጠ ይዘረዝራል። ርካሽ መሆኑ ግን ሊያስንቀው አይገባም፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ዓለምን ያዳረሰው፣ ፋይሎችን ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቀው ዋናክራይ የተባለ ጎጂ ሶፍትዌር የተስፋፋው ማይክሮሶፍት ከሁለት ወር ገደማ በፊት ማስተካከያ ባወጣለት የዊንዶውስ ክፍተት ነበርና፣ ተራ ስካን ሊያሳየው የሚችል ጉድለት ነበር። ገዢው አጥብቆ ሊጠይቅ የሚገባው ስካኑ በመግቢያ አካውንት የሚደረግ መሆኑን ነው፤ ያለ አካውንት የሚደረገው ከውጭ የሚታዩትን ፖርቶች (የኔትወርክ መግቢያ በሮች) አይቶ የሶፍትዌሩን ቨርዥን ከመገመት ብዙም አያልፍም፣ የሐሰት ማንቂያውም ይበዛል።

ሰርጎ የመግባት ሙከራ የባለሙያ ሥራ ነው። የፋብሪካ ፓስወርዱ ያልተቀየረ ፕሪንተር በስካን ሪፖርት ላይ ከቁብ ላይቆጠር ይችላል፤ ባለሙያው ግን በፕሪንተሩ ውስጥ የተቀመጠ የአካውንት ፓስወርድ አግኝቶ፣ ያው ፓስወርድ ሰርቨር ላይም እንደሚሠራ ደርሶበት፣ ከዚያ ወደ መላው ኔትወርክ ሊሸጋገር ይችላል። ጊዜውና ወሰኑ የተገደበ በመሆኑ የሚያሳየው የተወሰኑ መንገዶችን እንጂ ያሉትን ሁሉ አይደለም፤ ስለዚህ የጉድለቶች ሙሉ ዝርዝር የሚፈልግ ሰው ይህን መግዛት የለበትም። ለባለሙያው ምንም መረጃ ሳይሰጥ የሚደረገው ሙከራ እውነተኛ ጥቃትን ቢመስልም፣ ገዢው ራሱ በአንድ ሰዓት ሊያስረዳ የሚችለውን ለማወቅ ውድ የሥራ ቀናት ይባክኑበታል፤ በእኔ ግምት ከፊል መረጃና ተራ የሠራተኛ አካውንት ተሰጥቶ የሚካሄደው ለአብዛኞቹ ይበጃል። የትኛውም ቢመረጥ ወሰኑን የሚገልጽ የጽሑፍ ፈቃድ ሊቀድም ይገባል።

ሬድ ቲም የሚባለው የጥቃት ልምምድ የተከላካዩን ቡድን ንቃት የሚፈትን ስለሆነ፣ ሎግ (የሲስተሞች የእንቅስቃሴ መዝገብ) የሚከታተል ሰው የሌለው ድርጅት ገንዘቡን ለሌላ ቢያውለው ይሻላል።

ኦዲት አብዛኛውን ጊዜ በምርጫ ሳይሆን በግዴታ የሚመጣ ነው፤ ለምሳሌ የክፍያ ካርድ ደኅንነት መስፈርት የሆነው ፒሲአይ ዲኤስኤስ በየሦስት ወሩ ስካን፣ ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ደግሞ ሰርጎ የመግባት ሙከራ እንዲደረግ ያዝዛል። ሆኖም ምስክር ወረቀት ጋሻ አይሆንም፤ እ.ኤ.አ. በ2013 የ40 ሚሊዮን ያህል ካርዶች መረጃ የተሰረቀበት የአሜሪካው የችርቻሮ መደብር ድርጅት ታርጌት በዚያው ዓመት መስፈርቱን ማሟላቱ ተረጋግጦለት ነበር።

ሻጮች እምብዛም የማያስተዋውቁት የፋየርዎልና የራውተር ኮንፊገሬሽን (የቅንብር) ግምገማ ግን ከዋጋው በላይ የሚጠቅም ይመስለኛል፤ «ለጊዜው» ተብለው ተከፍተው ለዓመታት የተረሱ ፈቃዶችን የሚያወጣው እርሱ ነውና። ከዚህ በፊት ተፈትሾ የማያውቅ ድርጅት በዚህ ግምገማና በአካውንት በሚደረግ ስካን ቢጀምር፣ የተገኘውንም ካስተካከለ በኋላ ወደ ሰርጎ የመግባት ሙከራ ቢያልፍ የባለሙያው ጊዜ በታወቁ ጉድለቶች ላይ አያልቅበትም።

ከመፈራረም በፊት የድርጅት ስም የተሰረዘበት የናሙና ሪፖርት መጠየቅ ይገባል። ሰርጎ የመግባት ሙከራ ተብሎ የቀረበው ሪፖርት ባለሙያው ምን እንደሞከረና ከየት ወደ የት እንደተሸጋገረ የማይተርክ፣ የመሣሪያ ውጤት ብቻ የተደረደረበት ከሆነ፣ የሚሸጠው በሌላ ዋጋ የቀረበ ስካን ነው። ጉድለቶቹ ከተስተካከሉ በኋላ የሚደረገው ድጋሚ ፍተሻም በዋጋው ውስጥ መካተቱና በስንት ቀን ውስጥ እንደሚፈጸም በውሉ ላይ መስፈር አለበት።